የአውሮፕላን መሐንዲስ ወረቀቶች፦ ከመጣላቸውም ከመደርደራቸውም በፊት

ጥያቄው፦ «አባቴ ለ36 ዓመታት የአውሮፕላን ጥገና መሐንዲስ ሆነው ሠርተው በቅርቡ አረፉ። ከቤታቸው 12 ካርቶንና አንድ ባለ ሦስት መሳቢያ የብረት ካቢኔት ሙሉ ወረቀት ወጣ፤ ሎግቡክ፣ ላይሰንስ፣ የኮርስ ሰርተፊኬት፣ ጥቅል ስዕል፣ ማኑዋል፣ ስላይድ፣ ደብዳቤ። ከእነዚህ ጋር አንድ የድሮ የኮክፒት መለኪያና አንድ ትንሽ ማኅተም አለ። ከወንድሞቼ አንዱ ይጣል፣ ሌላው በዓመተ ምሕረት ይደርደር ይላል። እኔ ለቤተ መዛግብት ብሰጠው ደስ ይለኛል። ከየት ልጀምር?»

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ሁለቱም ወንድሞችዎ ለጊዜው እጃቸውን ይሰብስቡ።

መጣል የሚያመጣው ጉዳት ግልጽ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መደርደሩ ነው፤ በጎ ሥራ ስለሚመስል ማንም አይከለክለውም። የጥገና መሐንዲስ ወረቀቱን የሚያስቀምጠው ሥራው በሚጠይቀው መንገድ ነው። የትኛው ወረቀት ከየትኛው ጎን እንደተቀመጠ ራሱ መረጃ ነው፤ ያ ዝምድና አንዴ ከፈረሰ ማንም ባለሙያ መልሶ አይገጥመውም።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራ በካሜራና በእርሳስ ብቻ ይሁን። እያንዳንዱን ካርቶን እንደተዘጋ፣ ላዩ ላይ ከተጻፈው ጽሑፍ ጋር ፎቶ ያንሱ። ከዚያ ይክፈቱትና ምንም ሳይነኩ ከላይ ሌላ ፎቶ ያንሱ። ካርቶኖቹን ከ1 እስከ 12፣ መሳቢያዎቹን ከ13 እስከ 15 ቁጥር ይስጧቸው። በካርቶን 4 ውስጥ ዘጠነኛው ማህደር 4/09 ይባላል። ቁጥሩን ለስላሳ እርሳስ፣ ለምሳሌ 2ቢ፣ ይዘው በትንሽ ነጭ ወረቀት ላይ ይጻፉና ማህደሩ ውስጥ ያስገቡት። እስክሪብቶ አይጠቀሙ። ተለጣፊ ማስታወሻ ወረቀትም አይለጥፉ፤ ቢነሳም ሙጫው ይቀራል፣ ውሎ አድሮ ያደበዝዛል። በአንድ ደብተር ላይ ለእያንዳንዱ ማህደር አንድ መስመር በቂ ነው፦ ቁጥሩ፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ጽሑፍ እንዳለ ተገልብጦ፣ በውስጡ በግምት ምን እንዳለ። ደብዳቤ እያነበቡ አይቆዩ። ሁለት ካርቶን ባንድ ጊዜ አይክፈቱ፤ ወረቀት ከቤቱ ወደማያውቀው ካርቶን የሚገባው በዚያች ሰዓት ነው።

በካቢኔቱ ማህደሮች ላይ 24፣ 27፣ 29፣ 32፣ 72 የሚሉ ቁጥሮች ሳያገኙ አይቀሩም። ትርጉም የሌላቸው ይመስላሉ፤ ግን የአባትዎ ሙያ ሁሉ የተያዘበት ቋንቋ ነው። የአሜሪካ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) በ1956 ባወጣው የኤቲኤ አከፋፈል መሠረት እያንዳንዱ የአውሮፕላን ሥርዓት የራሱ የምዕራፍ ቁጥር አለው። 24 የኤሌክትሪክ ኃይል፣ 27 የበረራ መቆጣጠሪያዎች፣ 28 ነዳጅ፣ 29 ሃይድሮሊክ፣ 32 ላንዲንግ ጊር (ጎማ የተገጠመበት የአውሮፕላኑ እግር)፣ 72 ሞተሩ ራሱ ነው። ቁጥሩ የሚለወጠው አውሮፕላኑ ሲለወጥ ሳይሆን ሥርዓቱ ሲለወጥ ነው፤ ስለዚህ አንድ መሐንዲስ አምስት ዓይነት አውሮፕላን ላይ ቢሠራም 32 ያለው ማህደር ሁልጊዜ ስለ ላንዲንግ ጊር ነው። ርዕስ የሌለው ብጣሽ ወረቀት 32-40 ብሎ ቢጀምር ጉዳዩ ጎማና ፍሬን ነው።

እንግዲህ ማህደር 32 ውስጥ አንድ ደብዳቤ፣ የተሰነጠቀ ክፍል ፎቶና በእርሳስ የተሠራ የልኬት ሰንጠረዥ አብረው ቢገኙ፣ ሦስቱ አንድ ላይ የአንድ ብልሽት ታሪክ ናቸው። በዓመተ ምሕረት ሲደረደሩ ደብዳቤው ከደብዳቤዎች ጋር፣ ፎቶው ዓመት ስለሌለው ወደ «ልዩ ልዩ»፣ ሰንጠረዡ ደግሞ ማን እንደሠራው ስለማይታወቅ ወደ ቅርጫት ይሄዳል።

ብጣሽ ወረቀትን መናቅ ምን እንደሚያሳጣ ከሙያው መነሻ ማየት ይቻላል። የራይት ወንድማማቾችን የ1903ቱን ባለ 12 የፈረስ ጉልበት ሞተር የሠራው መካኒክ ቻርሊ ቴይለር፣ በራሱ አንደበት እንደተናገረው፣ የተሟላ ስዕል አልነበረውም። የሚሠራውን ክፍል ከወንድማማቾቹ ጋር በቁራጭ ወረቀት ላይ ይነድፉና ወረቀቱን ከመሥሪያ ጠረጴዛው በላይ ይሰካው ነበር። ዛሬ ያ ቁራጭ ወረቀት ቢኖር በዓለም ካሉ የቴክኒክ ሰነዶች ሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱ በሆነ። የታላላቅ ዲዛይነሮች ወረቀት ይጠበቃል፤ የጄት ሞተር ፈር ቀዳጁ የፍራንክ ዊትል ወረቀቶች ካምብሪጅ በሚገኘው የቸርችል ቤተ መዛግብት አሉ። በእጁ የጠገነው ሰው ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ ከቤት ጽዳት ጋር ይወጣል። ቤተ መዛግብት የአባትዎን ዓይነት ስብስብ በደስታ ሊያዩት የሚችሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሎግቡኩ። ሌላውን ሁሉ የሚፈታው ቁልፍ እሱ ነው። የጥገና መሐንዲስ የግል ሎግቡክ ማስታወሻ ደብተር አይደለም፤ ላይሰንስ ለማውጣትና በአንድ የአውሮፕላን ዓይነት ላይ ለመፈረም የሚያስችል ልምድ እንዳለ ማስረጃ ሆኖ የሚያዝ መዝገብ ነው። ስለዚህ ቀን፣ የአውሮፕላን ዓይነት፣ የምዝገባ ፊደልና የተሠራው ሥራ ይጻፍበታል፤ የተቆጣጣሪ ፊርማም ይኖረዋል። ይህን ወደ ኮምፒውተር ሰንጠረዥ ያስገቡ። ዓምዶቹ ቀን፣ ዓይነት፣ የምዝገባ ፊደል፣ የፋብሪካ ቁጥር፣ ሥራ፣ ቦታ፣ የሎግቡኩ ገጽ ይሁኑ። ሁሉንም መስመር መገልበጥ ከከበደ ከየገጹ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን መስመር ብቻ ያስገቡ፤ ይህም የ36 ዓመቱን አጽም ያወጣል። ከዚያ ወዲህ ቀን የሌለው ፎቶም ሆነ ደብዳቤ በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ቦታውን ያገኛል።

ሰዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ጅራቱ አጠገብ የሚነበበው የምዝገባ ፊደል የአውሮፕላኑ ቋሚ ስም አይደለም። አውሮፕላኑ ወደ ሌላ አገር ሲሸጥ ይቀየራል፤ የቀድሞው ፊደልም ከዓመታት በኋላ ለሌላ አውሮፕላን ሊሰጥ ይችላል። የማይለወጠው አምራቹ የሰጠው የፋብሪካ ቁጥር ነው። ፎቶ ላይ ያዩትን ፊደል ብቻ ይዘው «ይህ አውሮፕላን እኮ ያኛው ነው» ከማለትዎ በፊት ዓይነቱና ዘመኑ ከሎግቡኩ ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ። ሌላው ወጥመድ የቀን አጻጻፍ ነው። 03/04/71 እንደ አገሩ ኤፕሪል 3 ወይም ማርች 4 ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ሎግቡክ ውስጥ ከ12 የሚበልጥ ቁጥር በየትኛው ቦታ እንደሚገኝ ይፈልጉ፣ ልማዱ ይገለጣል። መሐንዲሱ ወደ አምራቹ ፋብሪካ ለኮርስ ሄዶ የነበረ ከሆነ ግን በዚያ ወራት ልማዱ ራሱ ሊለወጥ ይችላል። እርግጠኛ ካልሆኑ እንዳለ ይገልብጡት።

የአባትዎ የግል ሎግቡክና የአውሮፕላን ወይም የሞተር ሎግቡክ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው የአውሮፕላኑ ነው፤ አውሮፕላኑ ሲሸጥ አብሮት ይሸጣል። እንዲህ ያለ ነገር ከካርቶኑ ከወጣ ለሰብሳቢ አይስጡት፣ ለብቻው ያስቀምጡት። እንደ ተርባይን ዲስክ ያሉ የዕድሜ ገደብ ያላቸው ክፍሎች ከፋብሪካ ከወጡበት ቀን ጀምሮ የሠሩት ሰዓትና ዑደት ተቆጥሮ ይመዘገባል። መሐሉ ላይ የጠፋ መዝገብ ካለ ደህናው ክፍል እንኳ አገልግሎት ላይ ላይውል ይችላል። የአገሩን የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በፋብሪካ ቁጥሩ ቢጠይቁ ባለቤቱን ለማግኘት ይረዳዎታል።

ላይሰንሶቹን በተመለከተ ሦስት ዓይነት ሰነድ ይጠብቁ። አንደኛው ከባለሥልጣኑ የሚሰጠው ላይሰንስ ነው፤ ሁለተኛው በአንድ የአውሮፕላን ዓይነት ላይ መሠልጠንን የሚያሳየው፤ ሦስተኛው አሠሪው «በእኛ ስም መፈረም ይችላል» ብሎ የሚሰጠው ፈቃድ። ሦስቱ አይተካኩም፤ የመጀመሪያው ኖሮ ሦስተኛው ከሌለ አባትዎ አውሮፕላን ፈርመው ወደ አገልግሎት ሊያስወጡ አይችሉም ነበር። በአውሮፓው የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ (ኢያሳ) ሥርዓት የተሰጠ ከሆነ ደግሞ ፊደሎቹ የሥራውን ወሰን ይናገራሉ፦ ኤ ለቀላል የመስመር ሥራ፣ ቢ1 ለአካልና ለሞተር፣ ቢ2 ለአቪዮኒክስ (ለአውሮፕላኑ ኤሌክትሮኒክስ)፣ ሲ ከዋና ጥገና በኋላ ለሚሰጥ ማረጋገጫ። ጊዜው ያለፈበት ላይሰንስ አይጣል፤ የእድሳት ማኅተሞቹ ራሳቸው የሥራ ዘመን መዝገብ ናቸው።

ማኅተሙ ዛሬውኑ ለብቻው ይቆለፍ። በጥያቄዎ ካነሷቸው ዕቃዎች ሁሉ አስቸኳይ እርምጃ የሚሻው እሱ ነው። የጥገና ወይም የምርመራ ማኅተም ቁጥር አለው፣ ቁጥሩም በአንድ ሰው ስም የተመዘገበ ነው፤ ወረቀት ላይ ሲያርፍ እንደ ፊርማ ይቆጠራል። ለመጨረሻው አሠሪ በጽሑፍ አሳውቀው፣ ተቀባዩ በፈረመበት ደረሰኝ ይመልሱ፤ ቤተሰቡ እንዲያስቀረው ከተፈቀደም ፊቱ እንዳያትም ሆኖ ይበላሽ። ለማስታወሻ ብላችሁ አዲስ ወረቀት ላይ አታትሙት፤ ምልክቱ ሎግቡኩ ላይ አለ።

ከዚሁ ጋር ባዶ የመለዋወጫ ክፍል ማረጋገጫ ቅጾችን ይፈልጉ። የኢያሳ ፎርም 1 ወይም የአሜሪካው 8130-3 ሊሆን ይችላል። ባዶ ሆኖ የተፈረመበት ካለ ነገሩ ይብሳል። በሁለቱም ገጽ በቀለም ሰያፍ መስመር አስምረው «ተሰርዟል» ይበሉበት፣ ወይም ለአሠሪው ያስረክቡ። ይህ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ አይደለም። በ2023 ለሲኤፍኤም56 ሞተር የተሸጡ ክፍሎች ሐሰተኛ ማረጋገጫ ይዘው ተገኝተው፣ በተለያዩ አገሮች ያሉ አየር መንገዶች ክፍሎቹን ከሞተር ለማውጣት ተገደዋል። ሐሰተኛ ሰነድ የሚሠራ ሰው የሚፈልገው እውነተኛ ቅጽና እውነተኛ ፊርማ ነው። ተሞልተው ያለቁ ማረጋገጫዎች በስብስቡ ውስጥ ይቆዩ፤ ስካናቸው ግን ኢንተርኔት ላይ አይለቀቅ።

ጥቅል ስዕሎቹ ትዕግሥት ይፈልጋሉ። ከመዘርጋትዎ በፊት ምን ዓይነት እንደሆኑ ይለዩ፤ አንዱን የሚያድነው ሌላውን ይገድለዋል። መደቡ ሰማያዊ፣ መስመሩ ነጭ ከሆነ እውነተኛ ብሉፕሪንት ነው፤ ጆን ኸርሼል በ1842 ባገኘው ዘዴ የተባዛ። ብርሃን ያደበዝዘዋል፣ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ይገድለዋል። ብዙ ሰው ለጥበቃ ብሎ «አሲድ የለሽ» ማህደር ይገዛል፤ አብዛኛው እንዲህ ያለ ማህደር ግን ካልሲየም ካርቦኔት የተጨመረበት አልካላይን ስለሆነ ብሉፕሪንቱን ቀስ በቀስ ያጠፋዋል። ለዚህ የሚሆነው ምንም ያልተጨመረበት ገለልተኛ ወረቀት ነው። መደቡ ነጭ ወይም ቢጫ፣ መስመሩ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ወይም ቡኒ ከሆነ ዲያዞ የሚባለው የብዜት ዓይነት ነው። አንዳንዱ እስካሁን የአሞኒያ ሽታ አለው፤ አጠገቡ ያለውን ወረቀት ስለሚያቆሽሽ ለብቻው ይቀመጥ። ለስላሳ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ጨርቅ የሚመስለው በስታርች የተቀባ የመንደፊያ ጨርቅ ነው፤ የውኃ ጠብታ ያበላሸዋልና ለማለስለስ ተብሎ እርጥበት አይነካው። ፕላስቲክ የሚመስለው ፊልም ራሱ ጠንካራ ነው፤ የተሠራበት እርሳስና ቀለም ግን ላዩ ላይ ብቻ ስላለ በመፈግፈግ ይለቅቃል።

ጥቅል ሲዘረጉ አያስገድዱ። በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አንድ ክንድ ያህል ፈትተው፣ ጠርዙ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ክብደት ያስቀምጡ፣ ያሳድሩት፣ በማግስቱ ይቀጥሉ። የመሰንጠቅ ድምፅ ከሰሙ ያቁሙና ለባለሙያ ይተዉት። ጠፍጣፋ ማስቀመጫ ከሌለ ስዕሉን ዲያሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ ቱቦ ላይ ከውጭ ይጠቅልሉት፤ ቱቦ ውስጥ ከከተቱት ሲወጣ ጠርዙ ይቀደዳል። ከቀኝ በታች ካለው ሳጥን የስዕሉን ቁጥር፣ የክለሳውን ፊደል፣ የወረቀቱን ተራ ቁጥር፣ ቀኑንና ፈራሚዎቹን ይመዝግቡ። ቁጥራቸው አንድ ሆኖ ክለሳቸው የተለያየ ሁለት ስዕሎች ቅጂዎች አይደሉም፤ በመሐላቸው ያለው ልዩነት አንድ ሰው ለምን ሐሳቡን እንደለወጠ ይናገራል። በእርሳስ የተጻፈን ነገር ቆሻሻ መስሎዎት በላጲስ አይንኩ።

ማኑዋሎች ቦታ ይይዛሉ፣ ዋጋቸው ግን ከመጠናቸው ያንሳል። በብዛት የታተመና ምንም ያልተጻፈበት ማኑዋል ቤተ መዛግብት ብዙ ጊዜ አይወስዱትም። በኅዳጉ ላይ የተጻፈበት፣ የተሰመረበት፣ ጊዜያዊ ክለሳ የገባበት ግን ይቆይ። ከማስወጣትዎ በፊት ገጹን ሁሉ ያገላብጡ፤ ደብዳቤ፣ የልኬት ብጣሽና ፎቶ የሚሸጎጠው እዚያ ነው። የሚያስወጡትንም በሚበር አውሮፕላን ላይ ለሚሠራ ሰው አይስጡ። ጥገና የሚሠራው ጸንቶ ባለው የመጨረሻ ክለሳ ብቻ ነው፤ የድሮ የማጥበቂያ ልኬት ሰው ሊገድል ይችላል።

ከፎቶዎቹ መካከል የአቼቶ ሽታ ያለው ኔጋቲቭ ካለ አሲቴት ፊልም መፍረስ ጀምሯል ማለት ነው። ጋዙ የጤነኛውንም መፍረስ ስለሚያፋጥን ለብቻው፣ አየር በሚያገኝበት ቀዝቃዛ ቦታ ያድርጉትና ቀድመው ስካን ያስደርጉት። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊት የነበረ ናይትሬት ፊልም በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው፤ ቤት ውስጥ አይከማች፣ ባለሙያ ይጠሩለት። ስላይዶችን ከክፈፋቸው አያውጡ። ተለጣፊ ገጽ ካለው አልበም ፎቶ አይላጡ፤ ገጹን እንዳለ ፎቶ አንስተው ይተዉት። በስስ የሙቀት ወረቀት የመጡ ፋክሶችን ግን ዛሬ ነገ ሳይሉ ኮፒ ያድርጉ፤ ጽሑፋቸው በዓይንዎ እያዩት ይጠፋል።

የኮክፒት መለኪያውን አይክፈቱ። እስከ 1960ዎቹ ድረስ በጨለማ እንዲያበሩ ጨረር አመንጪ በሆነው ራዲየም የተቀቡ መለኪያዎች ነበሩ። ዛሬ አለማብራቱ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም፤ የደከመው የሚያበራው ዚንክ ሰልፋይድ ነው እንጂ የራዲየም-226 ግማሽ ዕድሜ 1,600 ዓመት ያህል ነው። መስታወቱ ከተሰነጠቀ አቧራው አደገኛ ነው። በሁለት የፕላስቲክ ከረጢት ይዝጉት፣ እጅዎን ይታጠቡ፣ ልጆች ከማይደርሱበት ያድርጉትና የጨረራ ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ያማክሩ። ካርቶኑ ውስጥ ከወረቀት ጋር አይመልሱት።

የቀረው የተለመደ ጥበቃ ነው። ላስቲኮችንና የዛጉ አግራፎችን ያውጡ፤ አግራፍ ሲያወጡ ከወረቀቱ በታች ቀጭን ፕላስቲክ ያስገቡ፣ አይጎትቱት። በፕላስተር የተያያዘውን እንዳለ ይተዉት። ፒቪሲ የፕላስቲክ ኪስ ይወገድ፤ ፖሊኤስተርና ፖሊፕሮፒሊን ይሆናሉ። ቦታው ቀዝቀዝ ያለ፣ እርጥበቱ ከ35 እስከ 50 በመቶ ቢሆን መልካም ነው፤ ከ65 በመቶ በላይ ሻጋታ ይጀምራል። ምንም ነገር መሬት ላይ አይቀመጥ። የራይት ወንድማማቾች የመስታወት ኔጋቲቮች በ1913ቱ የዴይተን ጎርፍ ውኃ ውስጥ ሰንብተዋል፤ የመጀመሪያው በረራ ፎቶም ጥጉ ላይ ጉዳት ይዞ ነው የተረፈው። ስካን ሲያደርጉ ለደብዳቤ 300፣ ለስዕል 400፣ ለስላይድ 3000 ዲፒአይና ከዚያ በላይ ይጠቀሙ። ዋናውን በቲፍ (TIFF) የምስል ፋይል ያስቀምጡ፤ የኮምፒውተር ፋይሉ ስም የማህደሩ ቁጥር ይሁን፣ 04-09-001 እንደማለት። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ አንዱ ከቤት ውጭ።

ከዚህ ሁሉ መሐል ጊዜ የማይሰጠው ወረቀቱ ሳይሆን ሰዉ ነው። የአባትዎ የሥራ ባልደረቦች በሕይወት እያሉ የፎቶዎቹን ቅጂ ይዘው ይሂዱ። እያንዳንዱ ሰው ላይ ቁጥር ያለበት ቅጂ ያሳዩዋቸው፤ ማን ነው፣ የት ነው፣ ምን እየተሠራ ነው ብለው ይጠይቁ። በማህደር 32 ውስጥ ያለውን የተሰነጠቀ ክፍል አንድ አንጋፋ መካኒክ በአንድ እይታ ያውቀዋል። መልሱን ከተናጋሪው ስምና ከቀኑ ጋር ይጻፉ።

ቤተ መዛግብቱን ሲያነጋግሩ ካርቶን ጭነው አይሂዱ። አንድ ገጽ ደብዳቤ ይላኩ፦ አባትዎ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን ዓይነት አውሮፕላኖች ላይ፣ በምን ላይሰንስ እንደሠሩ፣ ስንት ካርቶን እንዳለ፣ ከነማህደሮቹ ዝርዝር። የአቪዬሽን ሙዚየም፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ወይም የምህንድስና ትምህርት ያለው ዩኒቨርሲቲ ሊሆን ይችላል። ማሳያ የሚሆነውን ሰርተፊኬት ለአንዱ፣ ስዕሉን ለሌላው አይከፋፍሉ። የወረቀቱ ባለቤትነትና የቅጂ መብቱ ሁለት ነገር መሆናቸውንም አይርሱ። ደብዳቤው በእጃችሁ ቢሆንም መብቱ የጻፈው ሰው ነው፤ «ምስጢር» የሚል ስዕል ደግሞ የአሠሪው ወይም የአምራቹ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ ይጠየቅ። በወታደራዊ አውሮፕላን ላይ የሠሩ ከነበሩ ይህ ከሁሉ በፊት ይጣራ። የሌሎች ሠራተኞች የሕክምና ወይም የዲሲፕሊን ወረቀት ካለ ለይተው ያሳዩ፣ ለተወሰኑ ዓመታት ተዘግቶ እንዲቆይ ይጠይቁ።

ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። የማይፈልጉትን ይመልሳሉ ወይስ ያስወግዳሉ? ማን ማየት ይችላል? ቤተሰቡ ቅጂ ያገኛል? እነዚህ ሦስቱ ሳይመለሱ አይፈርሙ። የማህደሮቹን ዝርዝር በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱ ከካርቶን 1 ጋር ይሂድ፣ ሁለተኛውን ተቀባዩ ፈርሞበት እርስዎ ጋር ያስቀሩ።